የቦራ ቀንድና የእኔ ካርድ

እኔ ትዕግሥት የለኝም። ይህን የሚክድ ዘመድ ስለሌለኝ ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል። ቆቦ ከመናኸሪያው ጀርባ «ሱዓድ ፎቶና ቪዲዮ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሠርግ እቀርጻለሁ፤ የቀረጽኩትን እየቆራረጥኩ እቀጥላለሁ፤ ዘፈንና መንዙማ አስገባበታለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ እስኪያወጣልኝ ድረስ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ። ይህ የማውጣት ሥራ የሚወድቀው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ የኮምፒውተሩ የእርሻ በሬ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሞፈርና ቀንበር ነው።

ዘንድሮ ዒድ እንዳለፈ ሠርጉ በላይ በላዩ መጣብኝ። ካርዴ ደግሞ አቃተው። ጎብዬ ያለው ቪዲዮ ቤት ታድሶ የወጣ ካርድ አስመጥቶ የሙሽሮቹን ፊልም በሦስተኛው ቀን ያስረክባል ሲባል ሰማሁ። እኔ የማስረክበው በዘጠነኛው ነው። አንዲት የዋጃ ሴትዮ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ስልክ ደውለው «ሱዓድ፣ ልጅቱ ሳትወልድ ይደርስልናል ወይ?» አሉኝ። እሳቸው እየቀለዱ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ዘካሪያስ ዘንድ ሄድኩ። ዘካሪያስ ኮምፒውተርና መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እያመጣ የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሣጥን አውርዶ ፊቴ አስቀመጠልኝ። ከእኔ ካርድ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ነው፤ እሱም እንደገና ታድሶ፣ ከቁጥሩ ኋላ «ሱፐር» የሚል ተጨምሮበታል። ሣጥኑ ላይ እሳት የሚተፋ አውሬ ተሥሏል። ዘካሪያስ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ እኔ እሳቱን እያየሁ ስለነበር አልሰማሁትም።

ቤት ስደርስ አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለበሬዎቹ አገዳ ይቆርጣል።

አባቴ ሸረፈዲን በቆቦ የከብት ገበያ አርባ ዓመት የደለለ ሰው ነው። ደላላ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ የአባዬ ግን ለብቻው ነው። ገዢና ሻጭ ሲከራከሩ «ሸረፈዲን ምን አለ?» ይባባላሉ። እሱ ይህ በሬ ስድስት ዓመቱ ነው ካለ ስድስት ነው፤ ማንም የበሬውን አፍ ከፍቶ አያይም። የራሱ ሁለት የእርሻ በሬዎች አሉት፤ ጉራቻና ቦራ። ጉራቻ ጥቁር ነው። ቦራ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ቀንዱም እንደ ራያ በሬ ደንብ ወደ ሰማይ የወጣ ነው። ለካርዱ ገንዘብ የሚገኘው ከእነሱ ነው፤ አንዱ ከተሸጠ ግን ሌላው ብቻውን አያርስም፤ አባዬ በዚህ ዕድሜው ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ ሊጠብቅ ነው። ዝናቡ ደግሞ ቀርቧል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አፌን ከፈትኩ።

«አባዬ፣ ታድሶ የወጣውን ካርድ ካልገዛሁ ሥራዬ አበቃለት።»

«ካለሽው በምን ይበልጣል?»

«በሁሉም።»

«በሁሉም የሚበልጥ በሬ በአርባ ዓመት አላጋጠመኝም» አለና ማጭዱን አስቀመጠ። «ሥራሽ ከሆነ ግን ቦራን እንሸጣለን። መጀመሪያ ይፈተኑ። ሁለቱም አንድ ማሳ ላይ ይጠመዱ። አዲሱ በእውነት በእጥፍ ከበለጠ፣ በሚመጣው ገበያ ቦራን ይዘን እንወጣለን።»

እናቴ ከውስጥ ሆና «ቦራን?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እሷ ስትቆጣ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የሚከፋው።

አባዬ ራሱ ዘካሪያስ ዘንድ ሄዶ ለፈተና የሚሆን ካርድ ጠየቀው። ዘካሪያስም «ለሌላ ሰው አላደርገውም፤ ለእርስዎ ግን ይውሰዱት አባ ሸረፈዲን፣ እስከ ገበያው ቀን ይቆይ» ብሎ ሰጠው።

እዚህ ላይ ለአባዬ ያልነገርኩትን ልናገር። የእኔ ካርድ ሁለት ማራገቢያ አለው፤ አንዱ ከየካቲት ጀምሮ አይዞርም። ቆቦ ቆላ ነው። ያውም ሱቄ ከእህል መጋዘን ጎን ስለሆነ የጤፉ እብቅ በበሩ ሥር ይገባል። ካርድ ደግሞ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህን እኔ በደንብ አውቃለሁ። ከፈተናው በፊት ከፍቼ መጥረግ ነበረብኝ። ከፈትኩትም። ከዚያ ከጠረግኩት እንደሚሻለው፣ ከተሻለው ደግሞ አዲሱ እንደሚቀርብኝ አሰብኩና መክደኛውን እንደነበረ መልሼ አጠበቅኩት። አንዱን በሬ አጥግቦ ሌላውን አስርቦ ለውድድር ማቅረብ ማለት ነው።

ለሁለቱም የተሰጣቸው ማሳ ያ የዋጃው ሠርግ ነበር። አባዬ የዙህር ሶላት ሰግዶ መጣ፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አሮጌው ካርድ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እሱን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁና ያንኑ ሠርግ ሰጠሁት። አባዬ የዐስርን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ ወደ ማለቁ ነበር። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ድምፁ እንኳ አልተሰማም።

አባዬ አሮጌውን ካርድ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው እንዲያ የሚያለከልከው?»

«አርጅቶ ነዋ።»

«አይ ሱዓዴ። ያረጀ በሬ ቀስ ይላል እንጂ ገና ሲጠመድ አያለከልክም። የሚያለከልክስ የታመመ ነው።»

«አባዬ፣ ይህ ማሽን ነው፤ በሬ አይደለም።»

ሰዓቱን አሰረና «እሺ፣ ቃል ቃል ነው» ብሎ ወጣ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አሮጌውን ካርድ ግን ዓይኔ እንዳያየው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የገበያው ቀን ጠዋት ቦራን አስቀድመን ወጣን። እናቴ ልትሸኘን አልወጣችም። ቦራ በእነዚያ ጥቂት ቀናት እንዴት እንዳማረበት አየሁ። ሆዱ ሞልቷል፣ ጠጉሩ ያበራል። ዛሬ ነው የምንለያየው ብዬ ቀንዱን ያዝኩት። እጄ አዳለጠኝ። መዳፌን ባየው ቅቤ ነው።

ልጅ ሆኜ አባዬ ገበያ ይዞኝ ሲሄድ የመጀመሪያ ትምህርቴ የቀንድ ቀለበት ነበር። የበሬ ዕድሜ ቀንዱ ሥር ባሉት ቀለበቶች ይቆጠራል። ሌባ ሻጭ ቀለበቱን በሞረድ ሞርዶ ያጠፋዋል፤ ቅቤ ይቀባዋል፤ ጨው አልሶ ውኃ እየጋተ ሆዱን ይሞላዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አባዬ እንዲህ ያለ ሻጭ ሲያገኝ ገበያው በሙሉ እስኪሰማ ይጮኽበታል። አንዴ አንድ ሰውዬ ከጩኸቱ ሲሸሽ በሬውን ረስቶ ሄዷል፤ ከሰዓት በኋላ ልጁን ልኮ አስወሰደው።

የቦራ ቀንድ ላይ ስምንት ቀለበት ነበር፤ በጣቴ ነው የማውቃቸው። አሁን አንድም የለም። ቀንዱ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ሆኗል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

አርጩሜውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

«በዕድሜው ከሄደ ለሥጋ እንጂ ለእርሻ የሚወስደው የለም። ያንቺን ካርድ አያመጣም።»

«ጥርሱንስ? ጥርስ አይሞረድ።»

«ቆቦ ገበያ ላይ የበሬ ጥርስ የሚያየው ማነው ልጄ?»

እሱ ነው። የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው። አባዬ ዛሬ የሚሸጠው ቦራን አልነበረም፤ ሰው አፍ ሳይከፍት የሚያምነውን የአርባ ዓመት ቃሉን ነበር። ያውም ሣጥኑ ላይ ላለ እሳት። በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት አፍሬ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ባለ ባጃጆች እያዩኝ መሆናቸው እንኳ አልታወሰኝም።

«እኔም ሞርጃለሁ አባዬ» አልኩት።

ቆመ። ቦራም ቆመ። የማይዞረውን ማራገቢያ፣ እብቁን፣ ከፍቼ መልሼ የዘጋሁትን መክደኛ ሁሉንም ነገርኩት። አሮጌው ካርድ እንዲሸነፍ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ማለክለኩንስ ሰምቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ አትዋሸኝም ብዬ ተውኩት።»

ይህን ካለኝ በኋላ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ቁጣውን ስጠብቅ አንድ ነገር ሰማሁ። ቀና ስል አባዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«አንቺ ደህናውን አሳመምሽ፣ እኔ ሽማግሌውን ጎረምሳ አደረግኩ። ወላሂ፣ ለእኛ ለሁለታችን የሚሆን ደላላ ቆቦ ውስጥ የለም።»

እኔም ከነእንባዬ ሳቅኩ። «አብሽሪ፣ ነይ እንመለስ» አለኝ። ቦራ ሳይነገረው ዞሮ ነበር።

በማግስቱ ካርዴን ይዤ ጎሚስታው ዋሲሁን ዘንድ ሄድኩ። ጎማ በሚነፋበት አየር ከሩቁ እየነፋ አጸዳልኝ። የወጣው እብቅ አንድ ዶሮ ያጠግባል። ከማራገቢያው ሥር ደግሞ የተጠማዘዘ የሠርግ ብልጭልጭ ክር አወጣን፤ ለካ ከየካቲት ጀምሮ አንቆ የያዘው እሱ ነው። ማን ያገባበት ሠርግ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ክሩ ሲወጣ ማራገቢያው በትንፋሽ ዞረ።

ከዙህር በኋላ አባዬ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አሁን ሁለቱም ጠግበው ያደሩ ናቸው። ያንኑ ሠርግ አሮጌው ካርድ በአንድ ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጨረሰ።

«አዲሱ በዘጠኝ ደቂቃ ይበልጣል» አልኩ።

«ይበልጣል፤ አይካድም። በዘጠኝ ደቂቃ ምን ይሠራል?»

«ሻይ ይጠጣል።»

«እንግዲያ ሻይሽን ጠጪ» አለና ሰዓቱን አሰረ።

አዲሱን ካርድ ለዘካሪያስ ስንመልስ አልተከፋም። «ያን ዕለት ልነግርሽ የጀመርኩት ይህንኑ ነበር» አለኝ። «ሦስት አራት ትውልድ ያለፈበት ካርድ ያለው ሰው ይህን ቢገዛ ልዩነቱን ያየዋል። ጌም የሚጫወትም ያየዋል። አንቺ ግን አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያለፈሽ፤ ሥራሽ ላይ ስሙ የታደሰውን ያህል ጉልበቱ አልታደሰም።» አባዬ በአድናቆት አየው። እንዲህ የሚናገር ሻጭ የከብት ገበያ ቢመጣ እሱን ራሱን ሥራ እንደሚያስፈታው ነገረው።

ፊልሞቹን አሁን በሦስተኛው ቀን አስረክባለሁ። የዋጃዋ ሴትዮ ራሳቸው መጥተው ወሰዱ፤ «ይኸው፣ ልጅቱ ሳትወልድ ደረሰ» ስላቸው በጣም ሳቁ። በወሩ መጨረሻ ዝናቡ ጣለ፤ ቦራና ጉራቻ አብረው ተጠመዱ። የቦራ ቀንድ እስካሁን ልሙጥ ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ በአባዬ ያሾፋል፤ «ሸረፈዲን፣ አዲስ በሬ ገዛህ እንዴ?» ይሉታል። እሱም «አሮጌው ነው፣ ታድሶ ነው» ይላል። እናቴም መናገር ጀምራለች፤ አንዳንዴ ዝምታዋ ይሻል ነበር እላለሁ።

ባለፈው ገበያ ለአባዬ ምሳ ላደርስ ከብት ተራ ሄድኩ። አንድ የማላውቀው ገበሬ፣ ልብሱ በአቧራ የነጣ፣ አንድ ዳልቻ በሬ ይዞ ቆሟል። አባዬ የበሬውን ቀንድ በመዳፉ ዳሰሰ፤ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። በዙሪያው ያሉት ደላሎች ወሬያቸውን አቁመው ጩኸቱን ጠበቁ። ገበሬውም ገብቶታል፤ ትከሻው ወረደ።

አባዬ አልጮኸም። ሰውየውን በክንዱ ይዞ ወደ ግራሩ ጥላ ወሰደው። እኔ ምሳውን ይዤ ስጠጋ፣ ማንም እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ ይጠይቀዋል።

«ለየትኛው ልጅህ ነው?»