የተሰረዘው ምሳሌ

አባዬ በእንግሊዝኛ አስተማሪነት አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ እኩዮቹ አርፎ በመቀመጥ ፋንታ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመረ። እሱ የቃሉን ትርጉምና ምንጭ ይናገራል፤ እኔ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ምሳሌው ከራሳችን ኑሮ የተወሰደ እውነት መሆን አለበት፤ ውሸት ከሆነ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። አንዴ «ወንድሜ ታታሪ ነው» ብዬ ብጽፍ፣ «እስካሁን ተኝቶ?» ብሎ ሰረዘብኝ።

ትናንት ሐኪሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ የአባዬ በሽታ እንደተሰራጨና ከእንግዲህ የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ ነገረኝ። ለወንድሜ ስነግረው «በቃ ሆድ ይፍጀው፤ እንዳትነግሪው» አለ። ነገር ሲከብድ ለኔ ትቶ መሄድ ይወዳል። እኔም ፈሪ ነኝና እሺ አልኩ።

ዛሬ አባዬ ጀርባውን በትራስ አስደግፎ ቤት ጠረጴዛው ጋ ጠበቀኝ። የመረጣቸው ቃላት በሙሉ ስለማይዘልቅ ነገር የሚናገሩ ነበሩ።

«ኤፌመራል» አለ። «ከግሪክ የመጣ ነው፤ ለአንድ ቀን የሚቆይ። ድሮ ሐኪሞች በአንድ ቀን የሚለቅን ትኩሳት እንዲህ ይሉት ነበር።» ፈገግ አለ። «የኔ ትኩሳት ግን ግሪክኛ አልተማረም መሰለኝ።»

መሳቅ አቃተኝ።

«ትራንዚየንት ደግሞ ላቲን ነው፤ ተሻግሮ የሚሄድ ማለት ነው። ቴምፖራሪም ላቲን ነው፤ ጊዜ ከሚለው ቃል የወጣ። ጊዜያዊ። በይ፣ ለዚህኛው ምሳሌ አምጪ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «የአባቴ ሕመም ጊዜያዊ ነው» ብዬ ጻፍኩና አቀበልኩት።

ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው።

«አባዬ…»

«ሐኪሙ ነግሮሻል አይደል? ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ማየት ትተሻል።»

አለቀስኩ። ዝም አላስባለኝም፤ እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ።

«በይ የኔ ልጅ፣ ሌላ ጻፊ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ከአባቴ ጋር የምሠራው ሥራ ጊዜያዊ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳሌዬን እንዲሰርዝብኝ ተመኘሁ። አባዬ ግን የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጥሞ አስቀመጠው።