የአዴ ፋንቱ ሳቅ

ሃዋኒ አምቦ ውስጥ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። የእረፍት ቀኗን ግን ካሜራዋን አንጠልጥላ ከጉደር እስከ ጊንጪ ገበያ ለገበያ ስትዞር ታሳልፈዋለች። አንድ ቀን ጊንጪ ላይ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። ድንች ሻጯ አዴ ፋንቱ በቀይ ሻሻቸው ላይ ላስቲክ ደፍተው፣ ዝናቡን ሸሽቶ በሚተራመሰው ሰው ከት ብለው ሲስቁ አገኘቻቸውና ፎቶ አነሳቻቸው። ወዲያው ምስሉን አሳየቻቸው።

«ይሄ ሁሉ ጥርስ የኔ ነው?» አሉ።

«ፌስቡክ ላይ ላውጣው፣ አዴ?»

«አውጪው! ልጄም ባኮ ሆኖ ይየኝ።»

ማታ የፎቶ አንሺዎች ቡድን ላይ ለጠፈችው። እፎይ ሳትል ትችቱ ወረደባት። «መሬቱ ዘሟል።» «ከኋላቸው የቆመው አህያ ጭንቅላቱ የት ገባ?» «ሻሹ ዓይን ይወጋል።» ከሁሉም ያንገበገባት ፊራኦል የሚባለው ነው፤ የራሱን አንድ ፎቶ አሳይቶ አያውቅም፣ የሰው ሳያብጠለጥል ግን አያድርም። «ስሜት የለውም። ጥቁርና ነጭ አድርጊው፣ ፊታቸውን አቅርቢው» ብሎ ፈረደ።

«ዝናብ ነበር! ሰው እየሮጠ ነበር!» ብትል ማን ይስማት? ሁለት ቀን ሙሉ ስትሟገት ከረመችና ታከታት። አህያውን ቆርጣ ጣለች፣ መሬቱን አቃናች፣ ቀለሙን አጠፋች፣ ፊታቸውን ብቻ አስቀርታ መልሳ ለጠፈችው።

አሁን ውዳሴው ጎረፈ። ግን ምን ዓይነት ውዳሴ! የሚሮጡት ሰዎች ከፎቶው ከጠፉ በኋላ የአዴ ፋንቱ የተከፈተ አፍ ለቅሶ መስሏል። «ምስኪን እናት!» «ጧሪ ልጅ የላቸውም እንዴ?» «አንጀቴን በሉት።» ሃዋኒ «እየሳቁ እኮ ነው» ብላ መጻፍ ጀመረችና ተወችው። በስንት መከራ የተገኘ ሙገሳ ነው፤ እንዴት በገዛ እጇ ታፍርሰው?

በሚቀጥለው ገበያ ጊንጪ ወርዳ «አካም ጂርቱ፣ አዴ?» ስትላቸው፣ አዴ ፋንቱ ሰላምታዋን አልመለሱም።

«ልጄ ቶሌራ ከባኮ ደውሎልኝ ነበር» አሉ ድንቻቸውን እየደረደሩ። «የሥራ ጓደኞቹ ‘እናትህን እንዲህ ጥለሃቸው ነው?’ ብለውት፣ ትልቅ ሰውዬ አለቀሰብኝ። እኔ ለማኝ ነኝ?»

«ኧረ በፍጹም! ሰዎቹ ናቸው እንጂ...»

«ሰዎቹማ ያሳየሻቸውን ነው ያዩት። ሳቄን የት አደረግሽው?»

ሃዋኒ ስልኳን አውጥታ፣ እዚያው ቆማ የነካካችውን ፎቶ አጠፋችና የመጀመሪያውን አወጣችው። ከሥሩም «አዴ ፋንቱ ዝናብ በሚሸሹ ሰዎች እየሳቁ» ብላ ጻፈችበት።

አዴ ፋንቱ ስልኩን ተቀብለው አዩት። «እኔ ይቺ ነኝ። ለቶሌራ ላኪለት» ብለው ቁጥሩን ነገሯት፤ እሷም ወዲያው ላከችለት። ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ሁለተኛ ግን እንዳታነሺኝ።»

ወደ አምቦ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። ፊራኦል ከፎቶው ሥር ጽፏል። «ማብራሪያ የሚያስፈልገው ፎቶ፣ ፎቶ አይደለም። መሬቱም አሁንም ዘሟል።»

«ራስህ ዝመም!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ ያንቀላፉት ሽማግሌ ደንግጠው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ይቅርታ ጠይቃቸው ወደ ስልኳ ተመለሰች። ስድብ ጻፈች፣ አጠፋች፤ የባሰ ስድብ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋች። በመጨረሻ ከቡድኑ ወጣች።

ስልኳ ላይ ያለው ምልክት እንደሚያሳየው ቶሌራ ፎቶውን አይቶታል። እሷ አምቦ እስክትገባ ድረስ ግን አንድ ቃል አልመለሰም።