ወፍራሙ ገመድ

የስፒከሩ ገመድ ውፍረቱ አውራ ጣት ያክላል። ጫፉ ወርቃማ ነው፤ የሚኖረውም በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ነው። የድምፅ ዕቃ የሚሸጠው ባለ ሱቅ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሥራ ሳይጀምር የሳጥኑን አቧራ ይወለውላል። ሚስቱ ይህን ስታይ፣ «ምነው እኔም ገመድ በሆንኩ» ትላለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ሰፈሩ በሙሉ «ባለ ገመዱ» እያለ ሲስቅበት እሱ አልሰማም። አጭበርባሪ ነው እንዳይባል፣ አይደለም፤ አጭበርባሪ ቢሆንማ ይቀል ነበር። ሰውየው ያምናል። ዘፈን በዚህ ገመድ ሲያልፍ ይጠራል፣ በተራ ገመድ ሲያልፍ ይታፈናል ብሎ ከልቡ ያምናል። ከልቡ ከሚያምን ሰው ጋር ደግሞ መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው።

ታናሽ እህቱ ግን ተጋፍታዋለች። ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ አምፕሊፋየርና ስፒከር የምትጠግነው እሷ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ካቻቢቴና መበየጃ ይዛ ስትጎነበስ ወንድሟ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንበኛ ስለ ገመዱ ሲጠይቃት ራሷን በአዎንታ እንድትነቀንቅለት።

«ተናገሪ አላልኩሽም፤ ነቅነቅ ብቻ» ይላታል።

«አንገቴ ለዚህ አልተሠራም፣ ወንድም ጋሼ።»

ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ መጋረጃው ይዘጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ረጅም የጊታር ሳጥን እየጎተቱ ገቡ። ባላቸው ዕድሜውን ሁሉ በባንድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ቤዝ ጊታር ሲጫወት ኖሮ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እሱ የተጫወተባቸውን ሸክላዎች ይዘዋል፤ ከምሳ በኋላ አንዱን አጫውተው ካልሰሙ ቀኑ ቀን አይመስላቸውም።

«ዘፋኙ አለ፣ ከበሮው አለ፣ እሱ ግን የለም» አሉ። «ወር ሆነው። ሸክላውን ጎረቤት ወስጄ አስሞከርኩት፤ እዚያ አለ። እኔ ቤት ሲመጣ ይጠፋል።»

«ነገርኩዎት እኮ፣ እትዬ፤ ገመድ ነው» አለ ባለ ሱቁ። «ወፍራም ድምፅ በቀጭን ገመድ እንዴት ብሎ ያልፋል?»

ይህን የነገራቸው ባለፈው ሳምንት ነበር። መግዣው እንደሌላቸው ሲያውቅ የባላቸውን ጊታር በልዋጭ እንደሚቀበል ነግሯቸው፣ ሴትዮዋም ሰባት ቀን አስበውበት ይዘው መጡ። የጊታሩን ሳጥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን ከመያዣው አልተላቀቀም።

ከመጋረጃው ጀርባ እህትየው መበየጃዋን አስቀመጠች። የሟቹን እጅ ለመስማት የሟቹን ጊታር መስጠት! መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ጊታሩን አይስጡ፣ እትዬ። ይሄ ገመድ ባልዎን አይመልስልዎትም።»

«አንቺ፣ ግቢ!» አለ ወንድሟ።

«አልገባም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይውሰዱት፤ ራሳቸው ይሰሙታል።»

«እስኪጠራ ጊታሩ ይሸጣላ! አሁን ይጥራ። ጀርባህን አዙርና የትኛው ገመድ እንደሆነ አንተው ለየው።»

ወንድም ጋሼ ማንንም አይፈራም፤ ጆሮውንማ ጨርሶ አይጠራጠርም። ወንበር ስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕቃ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎችም ወሬያቸውን አቁመው ጠጋ አሉ፤ ሴትዮዋም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እህትየው የመስታወቱን ሳጥን ከፍታ ገመዱን አወጣች፤ ከዚያም «ቀየርኩ» እያለች የአንዲት ዘፋኝን ዘፈን አምስት ጊዜ አቁማ አስጀመረች።

«ይሄ ወፍራሙ ነው፤ ድምፁ ተነፈሰ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ይሄ ደግሞ ቀጭኑ። ዘፋኟን ጉንፋን ያዛት!» አምስቱንም ሳያመነታ መለሰ።

«ዙር» አለችው።

ዞረ። ወፍራሙ ገመድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሴትዮዋ ጭን ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አምስቱንም ጊዜ የሠራው ቀጭኑ ነበር።

ሁለቱ ደንበኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቁም።

«እሺ፣ ወንድምሽን ረታሽው» አሉ። «የኔ ባል ታዲያ የት ሄደ?»

ምላሷ የማያርፈው ልጅ ወንድሟን በሰው ፊት አዋረደችው እንጂ ለእኚህ ሴትዮ የፈየደችው ነገር የለም። አፈረች።

ወንድም ጋሼ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተነሳ። «አሁኑኑ እትዬ ቤት እንሄዳለን» አለ። «በዚያው በቀጭኑ ገመድ ባላቸውን ካሰማሻቸው ይሄን ገመድ ዳግመኛ ሳጥኑ ውስጥ አላስቀምጠውም። ካላሰማሻቸው ጠረጴዛሽን ልቀቂ። እኔ ሱቅ ውስጥ ዳግመኛ ካቻቢቴ አታነሺም።»

አሥራ ሁለት ዓመት። ሌላ ሙያ የላት፣ ሌላ ሱቅ የላት።

«እንሂድ» አለች።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም የሚሸት ባለ ሁለት ክፍል ነው። በሶፋው ትይዩ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ሴትዮዋ ሸክላውን አስቀመጡ። እውነታቸውን ነው፤ ዘፋኙና ከበሮው አሉ፣ ከሥር ግን ባዶ ነው።

መርፌውን አየች፤ ደህና ነው። አምፕሊፋየሩን ከፍታ በረበረች፤ አንድም የተቃጠለ ነገር የለም። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ወንድሟ እጆቹን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል።

«ገመዱን ላምጣው?»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን የግራው ስፒከር ላይ ለጠፈች። ቤዙ አለ! እየዳኸች ወደ ቀኙ ሄደች፤ እዚያም አለ። ተነስታ መሃል ላይ ቆመች፤ ጠፋ።

«እትዬ፣ ይሄን ቤት ማን ነው የቀባው?»

«የእህቴ ልጅ፣ የዛሬ ወር። ምነው?»

«ስፒከሮቹን ነቅሎ ነበር?»

«ነቅሎ፣ መልሶ ሰካልኝ። እንዴት ያለ ንጹህ ልጅ መሰለሽ! ገመዱ ላይ የተንጠባጠበውን ቀለም እንኳ አንድ በአንድ በቲነር ወልውሎ ነው የመለሰልኝ።»

ገመዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። የትኛው ሽቦ ወደ ቀዩ መሰኪያ እንደሚገባ የምታሳየው ቀጭን ቀይ መስመር ከቀለሙ ጋር ተወልውላ ሄዳለች። ንጹሑ ልጅ አንዱን ስፒከር በደንቡ፣ ሌላውን በግልባጭ ሰክቶታል።

«አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል» አለች እየሳቀች። «ቀጭኑ ድምፅ ያመልጣቸዋል፣ ወፍራሙን ግን መሃል ላይ ያጠፉታል። ሁለት ሰው አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ቢገፋው በሩ ይነቃነቃል?» ወደ ወንድሟ ዞረች። «የአንተን ገመድ አስተካክለን ብንሰካም ባላቸው ይመጣ ነበር። አንተም ገመዴ አመጣው ትላለህ፤ እሳቸውም እስኪሞቱ ያምኑሃል፤ ጊታሩም ቀረ።» ይህን ስትል ሳቋ ጠፋ።

የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አቀያየረች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ መርፌውን ሸክላው ላይ መለሰች።

ባልየው ገባ። ከዘፋኙ ሥር፣ ከከበሮው ጎን፣ ሳይቸኩል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሳረፈ። ሴትዮዋ ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«መጣ» አሉ። «ይሄው፣ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል።»

ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠራረገ። እልኸኛ እልኸኛ ነው። «ግን እኮ፣ እትዬ» አለ፣ «በወፍራሙ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዚህ...»

ሴትዮዋ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

«አንተ! ባሌ እየተጫወተ ነው፤ ዝም በል!»

አፉን ገጠመ፤ ሸክላው እስኪያልቅም ሦስቱም ካሉበት አልተነቃነቁም።