ደህናው ወገብ

«ባልሽ ያችን ትንሽ ኦፕራሲዮን እሺ ቢለኝ ኖሮ፣ ዛሬ ልጅሽ ከጎንሽ ይቀመጥ ነበር» አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሐኪም፣ ሻዩን ከትሪው እያነሳ።

ዳቦ ጋጋሪው ባሏ ልቡ በድንገት ቀጥ ብሎ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስትየው ትሪውን እንደያዘች ጠጋ አለችው።

«የምን ኦፕራሲዮን?»

«አላወቅሽም እንዴ? ከሷ ጋር ወስነን ተውነው ብሎኝ ነበር እኮ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሐኪሙ ዘወር ዘወር ብሎ አየና በሹክሹክታ ጨረሰላት። የዘር ፍሬው ደም ሥር አብጦ፣ ዘሩ ቁጥሩ አንሶና ደክሞ ነበር። የምድጃው ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። «ከምድጃው ራቅ አልኩት፣ ራቀ። ምላጩን ግን ፈራ።»

ለሷ ግን ከምድጃው የራቀው «ወገቤን አመመኝ!» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ሲሸጥ ይውል፣ እሷ ማታ ማታ ቅባት ቀብታ ታሸው ነበር። ለካ ደህና ወገብ ኖሯል ስታሽ የኖረችው!

እሷማ ያልዋጠችው ኪኒን፣ ያልተወጋችው መርፌ የለም። ማህፀኗ ውስጥ ቀለም እየረጩ ራጅ ሲያነሷት ጥርሷን ነክሳ ችላለች። «ባልሽም ይመርመር» የተባለ ቀን ሄዶ፣ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ተመለሰ።

«እኔ ደህና ነኝ አሉኝ። አይዞሽ፣ አልፈታሽም።»

አልፈታሽም! እግሩን ልትስም ምንም አልቀራት። ትናንት አብሬህ ልቀበር ያለችውን ሰው፣ አሁን ቀስቅሳ ልትጠይቀው አማራት።

«ልጄ ዘር ሳይተካ! መካን ይዞ ቀርቶ!» አማቷ ፍራሹ ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። ለቀስተኛው ሰረቅ አድርጎ አያት።

ትሪውን አስቀምጣ ጆሯቸው ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ ችግሩ የልጅዎ ነበር።»

አማቷ ለቅሷቸውን ገታ አደረጉ። «አውቃለሁ። ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«እኔን መካን ሲሉኝስ ሰው አይሰማም?»

«አንቺ ሴት ነሽ፣ ትችይዋለሽ። ወንድ ልጅ በዚህ ከተሰደበ ምን ይቀረዋል? በይ ነይ፣ እዚህ አረፍ በይ» አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

ተነሣች። ለቀስተኞቹን አልፋ፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሩቅ እንግዳ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለቻቸው።