ጥያቄ ሃያ ሰባት

በስልሳ አንድ ዓመታችሁ፣ ጣቶቻችሁ በስንዴ ገለባ ተቧጭረው፣ ፈተና ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ፣ ቬርና ትሬጌንዛ በአንዲት ጥያቄ ለምን ያን ያህል እንደ ተቆጣች ለመፍረድ አትቸኩሉ። የታልጋራ ከተማ ሰው ቸኩሏል። «ለአንድ ማርክ ብላ የበረራ ክበቡን አመሰችው» እያለ እስከ ዛሬ ያወራል።

ቬርና ትምህርት ያቋረጠችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰነፍ ሆና አይደለም። አባቷ «ሁለታችሁንም ማስተማር አልችልም፤ እርሻውን የሚረከበው ወንድምሽ ነውና እሱ ይማር» ስላሉ ነው። ወንድሟ ተማረ፤ አደሌድ ከተማ ገባ፤ የጥርስ ሐኪም ሆኖ እዚያው ቀረ። እርሻውን አርባ ስድስት ዓመት ያረሰችው፣ የዘራችው፣ ያጨደችው እሷ ነች። ወንድሟ ለገና በመጣ ቁጥር ገብሱን ከስንዴው መለየት ያቅተዋል፤ እሷ ግን በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ «ያልተማረችው» ናት።

ባለፈው ሰኔ ወደ ታልጋራ የበረራ ክበብ ሄዳ ተመዘገበች። የፈለገችው ለመዝናኛ የሚበሩ ሰዎች የሚይዙትን የምስክር ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን በቀን ብርሃን ለማብረር የሚያስችለውን። በረራው አላስቸገራትም። ዕድሜዋን ሙሉ ትልልቅ መኪና የነዳች እጅ መሪውን በሁለተኛው ቀን ለመደው። ያስፈራት ወረቀቱ ነበር፦ የአየር ሕጉ፣ የአየር ጠባዩ፣ የሬዲዮ ንግግሩ፣ ከሁሉም በላይ አውሮፕላኗ ለመነሳት ምን ያህል ሜዳ እንደምትፈልግ የሚሰላበት ሠንጠረዥ።

ፈተናው የገጠመው ደግሞ አጨዳ ላይ ነው። ታኅሣሥ ወር፣ ሙቀቱ አርባን ሊነካ፣ ዝንቡ አፍ አላስከፍት ብሎ። ማጨጃው ኮምባይነር ሳተላይት እየተከተለ መስመሩን ራሱ ይይዛል፤ ስለዚህ ቬርና መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግታ ታጠናለች። የደመና ዓይነቶችን በትንንሽ ወረቀት ጽፋ መስተዋቱ ላይ ለጥፋለች። የሬዲዮ ንግግሩንም ጮክ ብላ ትለማመዳለች። አንድ ቀን ሳታውቀው የእርሻውን ሬዲዮ ቁልፍ ተጭናው ኖሮ፣ ስንዴ የሚጭነው ሾፌር «ቬርና፣ ለማረፍ እየመጣሽ ከሆነ መኪናዬን ላንሳልሽ?» ብሎ መለሰላት። የሰማው ጎረቤት ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ያኔ ገና አልተናደደችም።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ኔቪል ኦትስ ቤቷ መጣ። ኔቪል የከተማው ሥጋ ሻጭ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን አምና አግኝቷል። ብብቱ ሥር አንድ ቢጫ ፎልደር ይዟል።

«ምንድነው እሱ?» አለችው።

«መድኃኒት ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው። ከእኔ በፊት ያለፈው ሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ ለአንቺ። ክበቡ ውስጥ ያለፈ ሁሉ በዚህ ነው ያለፈው።»

«መኮረጅ አይባልም ታዲያ?»

«እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ ቬርና፣ ቄስ አይደለሁም። ያዥው በቃ!»

«ውሰድልኝ።»

«እንዳትኮሪ። ዓይንሽን ከምታጠፊ…»

«ኔቪል፣ ይሄ አርባ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ፈተና ነው። ሌላ ሰው ሠርቶት አልፌ ምን አገኛለሁ? ውሰደው አልኩህ።»

ኔቪል ትከሻውን ሰብቆ ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ላይ ግን ዞረ። «እሺ፣ ሃያ ሰባትን ብቻ ልንገርሽ። ሰው የምትጥለው እሷ ናት። ቢ ነው።»

«ለምን ቢ ሆነ?»

«ለምን ብሎ ነገር የለም። ቢ ነው።»

ማክሰኞ ዕለት ክበቡ ቤት ውስጥ፣ ወፍራም የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ብቻዋን ተቀምጣ ተፈተነች። ዋናው አሰልጣኝ ደድሊ ማርሽ ከመጋዘኑ በር ላይ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃታል። ደድሊ ክበቡን አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርቷል፤ በዚያ ሜዳ የሚበር ሰው ሁሉ የእሱ ፊርማ አለበት። ስትጨርስ ወረቀቷን ተቀብሎ አንድ ያረጀ ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ትክክለኛዎቹ መልሶች ባሉበት ቦታ ሁሉ የተበሳ ነው። ወረቀቱ ላይ ይጋደማል፤ በቀዳዳው ውስጥ ምልክት ከታየ ትክክል፣ ካልታየ ስህተት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«ሠላሳ አንድ ከአርባ» አለ። «ማለፊያው ሠላሳ ሁለት ነው። አይዞሽ የኔ ውድ፣ ለጥቂት ነው።»

«የትኞቹን ነው የሳትኩት?»

«ያቺኑ የፈረደባትን ሃያ ሰባትን ጭምር።»

ቬርና ሌሎቹን ስምንት ስህተቶች አየቻቸው፤ ስህተት ናቸው፤ አልተከራከረችም። ሃያ ሰባት ላይ ግን ጣቷን አሳረፈች። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት፣ ነፋስ የለም፣ ሜዳው ከባሕር በላይ ዘጠኝ መቶ ጫማ፣ ሣሩ ረጅም፣ አውሮፕላኗ ሙሉ ጭነት። ለመነሳት ስንት ሜትር ያስፈልጋል? እሷ ዲን መርጣለች፤ አምስት መቶ ሃያ። ካርቶኑ የተበሳው ቢ ላይ ነው፤ ሦስት መቶ ዘጠና።

«እርሳስ ስጠኝ» አለች። ሠንጠረዡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደገና ሠራችው። ከሙቀቱ ተነስታ ወደ ከፍታው፣ ከከፍታው ወደ ጭነቱ፣ ሦስት መቶ ዘጠና ላይ ደረሰች። ከዚያ እርሳሱን ብድግ አድርጋ የሣሩ መስመር ላይ አስቀመጠችው። አምስት መቶ ሃያ።

«አየህ? ካርቶኑ ሣሩን ዘሎታል።»

ደድሊ መነጽሩን አደረገ። አየ። ጣቱን የሣሩ መስመር ላይ አስኬደ። ስህተቱን እንዳየው ቬርናም አየች።

«ይሄን ካርቶን ማን ነው የበሳው?» አለችው።

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው እኮ። ማን ያስታውሰዋል?» መነጽሩን አወለቀ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። የበረራ ፈተናውን የምትሰጠው ፈታኝ ቅዳሜ ከአደሌድ ትመጣለች። ቅዳሜ ካመለጠሽ እስከ መጋቢት መጠበቅሽ ነው። በአንድ ማርክ የወደቀን ሰው ከሳታቸው አንዱን በቃል መጠየቅ ይፈቀድልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሰባትን እጠይቅሻለሁ፣ ቢ ትያለሽ፣ እፈርማለሁ፣ ትበሪያለሽ። አለቀ።»

«ዲ ነው ብልህስ?»

«ቬርና፣ የኔ ውድ፣ እኔ የምፈርመው ካርቶኑ የሚለውን ነው። አንቺን ዲ ብዬ ባሳልፍሽ የሌሎቹ ወረቀት ሁሉ ይበላሻል። ፋይሉ ተከፍቶ ክበቡ ይዘጋል። ይሄን ትፈልጊያለሽ? አንዲት ፊደል ናት እኮ!»

ሠንጠረዡን አጣጥፋ ኪሷ ከትታ ወጣች።

ወደ ቤት ስትነዳ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባት። መኪናውን ጥግ አስይዛ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት! ካርቶኑ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስህተት ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድም ሰው አልተጣላበትም። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ጥያቄውን በገዛ እጁ ሠርቶት ቢሆን፣ እንደ እሷ ዲን አግኝቶ፣ እንደ እሷ ተሳስተሃል ተብሎ፣ እንደ እሷ ይጮህ ነበር። የጮኸ የለም። ስለዚህ የሠራው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስቶቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን አሳፍረው የሚነሱት ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንዲት ፊደል ብቻ ነው።

ከዚያ ኔቪል ትዝ አላት። ባለፈው ጥር፣ ከአማቱ የበግ ሜዳ ሲነሳ ጎማው የአጥር ሽቦ ይዞ፣ አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተክላ፣ እሱና ሚስቱ በተአምር ተርፈዋል። ክበቡ ተሰብስቦ «ነፋስ ነው» አለ፤ ደድሊም «ነፋስ ነው» ብሎ ጻፈ። የዚያ ሜዳ ርዝመት አራት መቶ ሃምሳ ሜትር ነው። ሣሩም ጉልበት ይደርስ ነበር። በቢ ቢያሰሉት ስልሳ ሜትር ይተርፋል። በዲ ቢያሰሉት አጥሩ ውስጥ ነው።

ረቡዕና ሐሙስ ኮምባይነሩ ላይ ሆና አላጠናችም። መስተዋቱ ላይ የተለጠፉት ደመናዎች በአቧራ ተሸፈኑ። መዋሸት አያስፈልግም፤ ወረቀቱን በጣም ፈልጋዋለች። መጋቢት ሩቅ ነው፤ በመጋቢትም ቢሆን ፈራሚው ያው ደድሊ ነው። ዓርብ ዕለት፣ ሰሜኑን ማሳ ስትጨርስ፣ ማንም በማይሰማበት «ቢ» ብላ ሞከረችው። አፏ ውስጥ ምንም አልከበዳትም። ያ ነው ያናደዳት፤ እንዲህ ቀላል መሆኑ። አባቷም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የተናገሩት፤ እሷም «እሺ» ብላ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ ቤት ደጃፍ ላይ ቋሊማ እየተጠበሰ፣ አባላቱ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠው፣ ልጆች ለዝንብ ያረጀ ጋዜጣ እያወዛወዙ ደረሰች። ፈታኟ፣ ጸጉሯ አጭር የሆነ፣ ብዙ የማትናገር ሴት፣ አውሮፕላኗን እየዞረች ትመለከታለች። ደድሊ ቅጹንና እስክሪብቶውን ይዞ ወደ ቬርና መጣ።

«በይ እንግዲህ» አለ ፈገግ ብሎ። «ሃያ ሰባት። መልሱ ምንድነው?»

ቬርና ወደ አባላቱ ዞረች።

«ጎረቤቶቼ! ቋሊማውን ለአንድ ደቂቃ ተዉት። ሃያ ሰባትን በትክክል የመለሳችሁ እጃችሁን አውጡ።»

ሳቁ። «መጣች ደግሞ!» አለ አንዱ። «የሬዲዮዋ እመቤት!» አለ ሌላው። ግን እጃቸውን አወጡ፤ አሥራ አራት እጅ። ኔቪል የያዘውን መቆንጠጫ ከፍ አድርጎ «ቢ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ተከተለው፤ «ቢ! ቢ!»

«ቬርና፣ ተይ» አለ ደድሊ።

«አሁን ደግሞ» አለች፣ «ሠንጠረዡን ይዞ፣ በእርሳስ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ ቢ ያገኘ ብቻ እጁን አያውርድ።»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ቀስ እያለ ከፊት ወደ ኋላ ተነነ። አንድ እጅ ወረደ። ሁለት፣ ሦስት። አንዳንዱ ጆሮውን የሚያክ መስሎ አወረደ። በመጨረሻ የቀረው የኔቪል መቆንጠጫ ነበር፤ እሱንም ከሚስቱ ፊት ላይ ዓይኑን ሳያነሳ በዝግታ ዝቅ አደረገው።

ቬርና የሠራችበትን ሠንጠረዥ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አነጠፈችው። ፈታኟ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጣቷ ከመስመር ወደ መስመር ተጓዘ፤ የሣሩ መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ቀና ብላ ደድሊን ተመለከተችው።

«ይሄ ውስጥ ለውስጥ የምንፈታው ነገር ነው» አለ ደድሊ። «ቢሮ ገብተን እንነጋገር። እኔ፣ አንቺና እሷ።»

«ቢሮ አልገባም። ማክሰኞ ብቻችንን ሳለን ነግረኸኛል፤ ቢ በዪና እፈርማለሁ ብለህ። የእኔን ፊርማ እርሳው፤ መጋቢትም ይሁን ከዚያ ወዲያ እጠብቃለሁ። እነዚህ ግን ዛሬ ከሰዓት ይነሳሉ። ኔቪል ይነሳል። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ሣሩን ታየዋለህ። ነፋስ ነው ያልከውን አጥር እነሱም ያውቁታል። ስለዚህ ለእኔ አትመልስልኝ፣ ደድሊ። ዙርና እነሱን እያየህ፣ ከኋላ የተቀመጡት እስኪሰሙህ ጮክ ብለህ ንገራቸው፦ ስንት ሜትር ነው?»