በሰላም ይደርሳሉ

ጎሳዬ «የማዶ ወሬ» ብሎ የሰየመውን ድረ ገጽ ከከፈተ ስምንት ወር ሆኖታል፤ በስምንት ወር አንድም ማስታወቂያ አላገኘም። ጅቡቲ ላለው ኢትዮጵያዊ የሥራ ወሬ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ ይለጥፍበታል። ከላይ በትልቁ «ያላጣራነውን አናወጣም» ብሎ ጽፎበታል። አንባቢ ሞልቷል፤ አንባቢ ግን የሚኖርበትን የአርሂባ ሰፈር የቤት ኪራይ አይከፍልም። ወሩ እስኪያልቅ ማስታወቂያ ካልመጣ ሊዘጋው ቆርጧል።

የመጀመሪያው ደንበኛ የመጣው ይሄኔ ነው። ዓብዱረዛቅ ይባላል፤ ማዕከላዊ ገበያ ጫት ከሚሸጥበት ጥግ ተቀምጦ ሰው በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግር ደላላ ነው። አማርኛውን የለቀመው ከተሳፋሪዎቹ ነው። የስድስት ወር ክፍያ በአንዴ ሰጠና ጽሑፉን በቃሉ አስጻፈ፦ «በአንድ ሌሊት ማዶ ተሻግረው በሰላም ያርፋሉ።»

ጎሳዬን ሳቅ አመለጠው።

«ይሄንን አንብቦ ማን ይመጣልሃል? በእኛ አገር በሰላም አረፈ የሚባለው የሞተ ሰው'ኮ ነው!»

«ወላሂ? መንገደኛ ደርሶ ቁጭ ሲልስ?»

«እሱም አረፈ ይባላል። ለማስታወቂያ ግን አይሆንም፤ በሰላም ይደርሳሉ እንበለው።»

«ደረሰ ሌላ፣ አረፈ ሌላ» አለ ዓብዱረዛቅ እንደ ተማሪ። «ሃያ ዓመት ስሠራ አንድ ሰው አልነገረኝም፣ ወንድሜ።»

ጎሳዬ በእርማቱ ኮራ። ስለ ጀልባው ግን አንድም ነገር አልጠየቀም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ በዚያ ባሕር ስንቱ እንደቀረ የሚለጥፈው እሱ ራሱ አይደለም እንዴ? ያም ሆኖ ማስታወቂያው ወጣ፤ የዓብዱረዛቅም ስልክ ፋታ አጣ።

በሳምንቱ የውብዳር ደወለች። የኮምቦልቻ ልጅ፣ የጎሳዬ አብሮ አደግ ናት፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ ታድራለች። ገጹን ገና ማንም ሳያውቀው ለሠራተኞቹ ሴቶች ሁሉ ያዳረሰችው እሷ ነበረች።

«ጎስዬ፣ እነማዳም ጠቅልለው አገራቸው ሊገቡ ነው። መውደቂያ የለኝም። ያቺን የጀልባ ማስታወቂያ አየኋት። መቼም አንተ ካወጣኸው አጣርተኸዋል አይደል?»

አላጣራሁም ቢላት አንድ ቃል ነበር። ያቺን ቃል ማውጣት ግን ያገኘውን ብቸኛ ደንበኛ ማጣት፣ ገጹንም መዝጋት ሆኖ ታየው።

«ብዙ ሰው እየደወለለት ነው» አላት።

«እንግዲያው ይቅናሽ በለኝ።»

«ይቅናሽ፣ የውቤ።»

ማክሰኞ ሄደች። ዓርብ ጠዋት አንዲት ጀልባ ተገለበጠች የሚል ወሬ ከወደብ መጣ። ጎሳዬ ከአርሂባ ገበያው ድረስ በዚያ ሐሩር በእግሩ ሮጠ። ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለነበር ሰው ይጋፋል። ዓብዱረዛቅ ከቦታው አልተነሣም፤ የያዘውን የጫት እስር እንኳ አልፈታውም።

«የውብዳርስ?» አለው ጎሳዬ እያለከለከ።

«አርፋለች።»

ጎሳዬ ከደስታው ብዛት ባዶ ሣጥን ላይ ዘፍ አለ። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! በል ስልኳን ስጠኝ፤ የየመኑን።»

ዓብዱረዛቅ ቀና ብሎ አላየውም።

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደረሰ ሌላ፣ አረፈ ሌላ።»

ጎሳዬ በዓለም ላይ እንደዚያች ሰዓት ራሱን የጠላበት ጊዜ አልነበረም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ የውብዳር ታላቅ እህት፣ የምስራች የምትባለው፣ ከኮምቦልቻ ነበረች። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። በሦስተኛው አነሣው።

«ጎስዬ፣ ገጽህን ከፍቼ እያየሁት ነው» አለችው። «በሰላም ይደርሳሉ ይላል። ደረሰችልኝ?»