ከዙፋኑ የተነሣው ፈርዖን

ባሌ ተክለብርሃን አጥንት ቆጣሪ ነው። ፍሬው ልጃችንን ትርሲትን ሲወዳት፣ እሷም ስትወደው፣ «የሸማኔ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ!» ብሎ ዓመት ሙሉ ቤታችንን የለቅሶ ቤት አደረገው። ፍሬው እዚህ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርግ ጨዋ ልጅ ነው። ባሌን «የደረብከውን ጋቢ ማን የሠራልህ መሰለህ?» ስለው፣ «ነገር አታምጪ» ይለኛል።

ታዲያ እግዜር ሲያመጣው፣ አንዲት ፈረንጅ ስለ ጥንት ግብፅ ለሚሠራ ፊልም ሰው ልትመርጥ ሠፈራችን ካለው ምግብ ቤት መጣች። ተክለብርሃን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ ከፊት ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያናችን የቦርድ ሰብሳቢ አይደል! ሴትዮዋ አልፋው ሄዳ፣ የመኪና ቁልፍ ሊያቀብል የገባውን ፍሬውን «ፈርዖን!» አለችው። ባሌን ሰጋጅ አደረገችው፤ እኔን ማራገቢያ አስያዘችኝ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

«እኔ ለጣኦት አልሰግድም!» ብሎ ቱግ አለ። የነፍስ አባታችን «ጨዋታ ነው፤ ልብህ ካልሰገደ ግንባርህ አይኮነንም» ሲሉት ጊዜ ተስማማ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ያንገበገበው ጣኦቱ ሳይሆን ሸማኔው ነው።

ቀረጻው ሃውቶርን የሚባል ሠፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ነበር። ባሌ ፍሪዌይ የሚሉትን ፈጣን መንገድ መንዳት ስለሚፈራ በፍሬው መኪና ሄድን። ፍሬው ወርቅ ተደርቦለት፣ ዓይኑን ተኩሎ ዙፋን ላይ ወጣ፤ የፀሐይ ልጅ ነው፣ አምላክ ነው ተባለ። ከሥሩ ካህናቱ፣ ከዚያ ጸሐፊዎቹ፣ ከዚያ ገበሬዎቹ፤ ባሮቹ በሩ አጠገብ። ይሄማ የኛው የቦርድ ስብሰባ ነው፣ አልኩ በልቤ።

«አክሽን!» ተባለ። ተክለብርሃን ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። ግንባሩ መሬት ሳይነካ ፍሬው ብድግ! «ኧረ በማርያም ጋሼ! ይነሡ፣ እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ደግፎ አነሣው።

ሴትዮዋ ተቆጣች። «አንተ እኮ አምላክ ነህ፤ አምላክ ለሰው አይነሣም!» «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሶሪ» ይላል፤ ሲደግሙት አሁንም ብድግ! ምን ያድርግ፣ አሳዳጊ አልበደለውም።

በመጨረሻ ተማርራ ቦታ አቀያየረቻቸው። ለጣኦት አልሰግድም ያለው ባሌ ጣኦት ሁን ሲሉት ማንንም አላማከረ። ወርቁን ደረበ፣ ተኳለ፣ ቁጭ አለ። ፍሬው እግሩ ሥር ተደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሙሽራ የአማቱን ጉልበት እንደሚስም ጉልበቱን ሳመው። ድፍን ዓመት ሊያደርገው ሲለምን የኖረው ይህንኑ ነበር። ተክለብርሃን ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። ሴትዮዋ በደስታ አጨበጨበች፤ እኔ ማራገቤን አቆምኩ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው የኖርኩትን ሰው አፈርኩበት።

ስንመለስ ባሌ ኩሉን ሳይታጠብ ከፍሬው ጎን ከፊት ተቀምጧል።

«አየሽ ባንቺአየሁ፣ ዙፋን የዘር ደም ይፈልጋል። አንድ ወንበር ላይ መጽናት ያቃተው ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ይይዛል?» አለኝ፣ ፍሬው እየሰማ።

ፍሬው መሪውን ጨብጦ መንዳቱን ቀጠለ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«ፍሬው ልጄ፣ እሑድ ሽማግሌ ላክ» አልኩት ከኋላ።

«ማን ሊቀበላቸው?» ብሎ ጮኸ ተክለብርሃን።

«እኔ። አንተማ አምላክ ነህ፣ ለሰው አትነሣም። ጉልበትህን እንደሆነ ስሞ ጨርሷል፤ ካላመንክ ካሜራው ይዞታል።»